ምን አገባኝ ባይዋ እትዬ ጥሩሸዋና የባዘቶ ጆሮ

«ምን አገባኝ» የሚል ሰው የማይገባበት ነገር የለም። ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን የመንዝ መሐል ሜዳ ኑሮዬ ነው። የእውነት የማያገባው ሰው ዝም ብሎ ያልፋል። «እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ለሚጀምር ሰው ግን ወንበር አምጡለት፤ ብዙ ይቆያል።

በእኛ ሰፈር የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክብርት እትዬ ጥሩሸዋ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አይችልም። ወልደ ጻድቅ ቤት ሲሠራ በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉና «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ይሄ ምሰሶ ዘሟል» አሉ። አናጢው ሦስት ጊዜ ነቅሎ ተከለው። የአስካለ ማርያም ልጅ ልትታጭ ስትል ደግሞ «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን የልጁ አጎት ድንበር ገፊ ነው» ብለው ሽማግሌዎቹን ከደጃፍ መለሷቸው። በኋላ እንደ ሰማነው ምሰሶውም ዘሞ ነበር፤ አጎትየውም ድንበር ገፍቷል። እሳቸውን የሚያስጠላቸውም ይኸው ነው፤ አይሳሳቱም።

እኔ መምህር ይሥሐቅ እባላለሁ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አላገባሁም፤ አራት ድመቶች ግን አሉኝ። ዳኛው ማንም ያደነውን አይጥ ቀድሞ የሚበላ ነው። ጉልቻ ከምድጃ ዳር አይነቃነቅም። ሽሮ ስሟን ያገኘችው ከቀለሟ ነው። አራተኛዋ ነጯ ባዘቶ ናት፤ ደብተር ሳርም መጥታ ደብተሩ ላይ የምትተኛ እሷ ናት።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እትዬ ጥሩሸዋ መጡ።

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን የባዘቶ ጆሮ ላይ ያለው ነገር ጭረት አይደለም።»

«ዳኛው ነው የቧጨራት እትዬ፤ ተጣልተው ነው» አልኩ።

«ጭረት በአሥር ቀን ይሽራል። ይሄ ወር ሞልቶታል።»

ጉድ እኮ ነው! የእኔን ድመት ቁስል ዕድሜ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በማግሥቱ መጡ፤ በሠልስቱም መጡ። «ወሰድካት?» «ነገ» «ነገማ ትላንትም ነበር።» በስምንተኛው ቀን ለባዘቶ ብዬ ሳይሆን ከእሳቸው አፍ ለማምለጥ ብዬ ድመቷን በቅርጫት ይዤ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። አንድ በሬና ሁለት በጎች ቀድመውኝ ስለነበር ወረፋ ጠበቅኩ።

ዶክተር ቤተል ከቁስሉ ቆንጥራ ናሙና ወደ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ አስጠራችኝ። «ካንሰር ነው፤ የድሮ ሰው ነቀርሳ የሚለው። ከፍታ ላይ ፀሐይ ይበረታል፤ የነጭ ድመት ጆሮ ደግሞ ፀጉሩ ስስ ነው። ጆሮዋን እቆርጠዋለሁ። ከዚያ በሳምንት አንድ መርፌ፣ ስድስት ሳምንት። ትድናለች ብዬ አልምልልህም። ካልታከመች ግን ትሞታለች።»

የመንዝ ፀሐይ በብርድ ተሸፍኖ እንደሚያቃጥል ለዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ አስተምራለሁ። ድመቴ ግን እዚያው ግቢዬ ውስጥ ስትቃጠል አላየሁም። ጆሮዋ ሊቆረጥ በወሰድኳት ቀን አንድ በሬ ያመጣ ገበሬ ቅርጫቴን አየና «ለድመት ነው ይሄ ሁሉ?» አለኝ። ቅርጫቱን አቅፌ ገባሁ።

ባዘቶ አንድ ጆሮዋን አጥታ፣ መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተች ተመለሰች። ሌላው ፈተና የመጣው ያኔ ነው። ሦስቱ ድመቶች አላውቅሽም አሏት። ዳኛው ፀጉሩን አቁሞ ጮኸባት። ሽሮ አልጋ ሥር ገባች። ጉልቻ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድጃው ተነሣና በጥፊ አላት። መኝታ ክፍል ዘጋሁባት፤ ከበሩ ኋላ ሆና ታለቅሳለች።

ክብርትነታቸው ልቅሶውን በአጥር ሰሙ።

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ ከገቡ በኋላ፤ «ግን አንተ የበግ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ? ግልገሏ የሞተባት በግ የሌላውን አላጠባም ስትል ምን ይደረጋል?»

«የሞተውን ቆዳ ያለብሱታል።»

«ታዲያ ምን ይዞህ ነው ቁጭ ያልከው?»

ሦስቱ የሚተኙበትን አሮጌ የበግ ጠጉር ባና ከምድጃው ዳር አነሡና ባዘቶን ቁስሏን ሳይነኩ እስከ አንገቷ ጠቀለሏት። አንድ ቀን ሙሉ ጭናቸው ላይ አቅፈዋት ዋሉ። ሲመሽ ፈቷት። ዳኛው ቀርቦ አሸተታት፤ ደግሞ አሸተታት፤ ከዚያ የቀረውን ጆሮዋን ላሰላት። እትዬ ጥሩሸዋ ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ከስድብ ይብስ ነበር።

መርፌው ሲጀመር ዶክተሯ መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ ባዘቶ የምትጸዳዳበትን አሸዋ ከሌሎቹ እንድለይና በባዶ እጄ እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ። እኔ ትምህርት ቤት ስውል አሸዋውን የሚቀይሩት እሳቸው ነበሩ፤ በሁለቱም እጆቻቸው ላይ ፌስታል አስረው። ያየ ሁሉ ይስቅባቸዋል። «እኔ ምን አገባኝ» ይሉታል ለሚስቀው።

ሦስተኛው መርፌ ከባድ ሆነ። ባዘቶ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ጎኗ ገባ። ዶክተሯን ብጠይቃት «ጉበት ሞቅ አድርጋችሁ ስጧት፤ ሽታው ይጥራት። እስከ ነገ ካልበላች ያሰጋል» አለችኝ። ጉበት! በሁዳዴ! መሐል ሜዳ ውስጥ ቢላዋ ከተሰቀለ አራት ሳምንት አልፎታል። ክብርትነታቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ጨርቅ ነጋዴው ጀላሉ ቤት ሄዱ። በግ አርዶ ኖሮ ጉበቱን በቅጠል ጠቅልሎ ሰጣቸው። እኔ ቤት ጠበሱት፤ እሳቸው በአፍንጫቸው ላይ ነጠላ አስረው። ባዘቶ መጀመሪያ ላሰች። ከዚያ ጎረሰች። «ተመስገን!» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

ሽታው ግን ባዘቶን ብቻ አልጠራም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀምጠን ሳለ፣ ማኅበሩን የሚመሩት አቶ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በዚህ በተቀደሰ ጾም ጉበት የሚጠበስበት ቤት አለ ይባላል። ስም አልጠራም» አሉና እኔን አዩ። ሰንበቴው በሙሉ እኔን አየ። ለድመት ነው ብል ማን ያምነኛል?

እትዬ ጥሩሸዋ ብድግ አሉ።

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን የጠበስኩት እኔ ነኝ! ለታመመች ድመት ነው፤ እሱ እጁን አላስነካም። ወሬውንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። ለጎረቤቴ ለኮከቤ ‹መምህር ቤት ጉበት ጠብሼ መጣሁ› አልኳት፤ ‹ለድመቷ› ብዬ ሳልጨርስ ሮጠች። በሉ ፍረዱብኝ!»

ኮከቤ መሬት መሬት አየች። ቄሱ አባ ገብረ አማኑኤል ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ጾም የታዘዘው ለተጠመቀ ነው፤ ድመቲቱ ትብላ። ወሬ ላወጣችውና ይዛው ለሮጠችው ግን አርባ አርባ ስግደት!»

እሑድ አይሰገድምና እትዬ ጥሩሸዋ አርባውን ሰኞ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሰገዱ። ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ ወደ ቤቴ መጡ፤ የባዘቶን ጉበት ሊያሞቁ።

ስድስተኛው መርፌ በሰሙነ ሕማማት አለቀ። ከፋሲካ በኋላ ሁለታችንም ይዘናት ሄድን። ዶክተር ቤተል ባዘቶን አገላብጣ ዳሰሰቻት፤ አንገቷን፣ የቀረውን ጆሮዋን፣ አፍንጫዋን።

«ምንም የለም» አለች። «በየሦስት ወሩ አምጣት። አንድ ወር ዘግይተህ ቢሆን ግን አልደርስላትም ነበር። በጊዜ ያየው ማነው?»

ከባዘቶ ጋር ባንድ ጣራ ሥር የምኖረው፣ ደብተሬ ላይ የማስተኛት እኔ አላየሁም። በእጄ አመለከትኳቸው።

እትዬ ጥሩሸዋ «እኔ ምን...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

አሁን ቀትር ሲሆን ከአጥር ማዶ «መምህር! ልጅቷ ፀሐይ ላይ ናት!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ሮጬ አስገባታለሁ። ጠዋት ጠዋት እሳቸው ሲመጡ አራቱም ድመቶች ከተኙበት ተነሥተው ይቀበሏቸዋል፤ ጉልቻ ሳይቀር። እኔም ደብተሬን አስቀምጬ ብድግ እላለሁ።