የጓድ ታምራት እንጉዳይ

ጀግና ሁሉ ጀግና የሚሆነው ወጡ እስኪቀርብ ድረስ ነው! አትሳቁ… እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዘመኑ ደርግ፣ አገሩ ጋይንት፣ የተያዘው ደግሞ የኔው የነጭ ሽንኩርት መደብ። ከጓሮዬ፣ ከአጥሩ ሥር ያለች ጥቁር አፈር ናት። አርብ ገበያ ይዤው የምወጣው ሽንኩርት ከእሷ ነው፤ የቤቱ ጨውና ጋዝ፣ የልጆቼ ሸራ ጫማ ሳይቀር ከእሷ ነበር የሚወጣው። ታዲያ አንድ ቀን የወረዳው ካድሬ ጓድ ታምራት መጣና በጫማው መታ መታ አደረጋት።

«ጓዲት አንጓች፣ ይቺ መሬት ለአብዮቱ ትፈለጋለች።»

«ምነው ጓድ፣ ጦር ሊሰፍርባት ነው?»

«እንጉዳይ ይመረትባታል!»

እስቲ ፍረዱኝ! «የጅብ ጥላ» እያልን በእርግጫ የምናልፈውን ነገር ማን ዘርቶ ያበቅለዋል? የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እሱ ግን ባሕር ማዶ ለሥልጠና ሄዶ ናፍቆቱን ከነዘሩ በጆንያ ይዞልን መጣ። ዘር አልኩት እንጂ የሻገተ ስንዴ ነው! እኛ ቤት ስንዴ ከሻገተ ለዶሮም አይሰጥ፤ እሱ እንደ ታቦት አክብሮ ተሸከመው። እሱ እንኳ ታቦት አይወድም። «ጾም አድሃሪ ልማድ ነው፤ ጉልበት ይሰርቃል!» እያለ በየስብሰባው ሲጮህ፣ እኛ በአንገታችን እሺ እያልን በነጠላችን ሥር እናማትብ ነበር።

በኅዳር መደቤን ገለበጥን፣ አመድ ነሰነስን፣ የሻገተውን ስንዴ ቀበርን፣ ጭድ አለበስን፣ ፀሐይ እንዳያገኛት ዳስ ጣልንላት። አራስ እንኳ እንዲህ አልተያዘች! የጥር ውርጭ መጣ፣ ሄደ… ምንም የለም። ጓድ ታምራት እኔን እያየ «እዚህ አሻጥር አለ» አለ። ይህ ቃል በዚያ ዘመን ሰውን የት እንደሚያደርስ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲያ ውኃ የማጠጣት እያባበልኩ ሆነ፤ «ውጪ እናቴ፣ ውጪልኝ… ልጆቼን አታስበትኚ!»

ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ወጣች። ግን ምን ዓይነት መውጣት! ራሷ ሾጠጥ ያለ፣ እንደ በግ ጨጓራ የተቦረቦረ፣ መልኳ የጠቆረ። ጎረቤቴ እትዬ የሺ ጎንበስ ብለው አዩና፣

«አንጓች፣ መሬቱ ዕባጭ አወጣ እንዴ?» አሉኝ።

ጓድ ታምራት ሊዘፍን ምንም አልቀረው። ከሥሯ በቢላ እንድንቆርጣት፣ እንዳንነቅላት አስተማረን። ከዚያም ጣቱን ቀስሮ፣ «ጥሬዋን የበላ ይመረዛል፤ በደንብ ከበሰለች ግን እንደ ሥጋ ትጣፍጣለች» አለ። እኛ የሰማነው እስከ «ይመረዛል» ድረስ ነው። የቀረውን ነፋስ ወሰደው።

ለመከሩ በዓል ከአውራጃ አለቃ ሊመጣ ሆነ። ከወደደው መደቤ ብቻ ሳትሆን ጓሮዬ በሙሉ «ሞዴል የእንጉዳይ ማሳ» ይሆናል። ካልወደደው መሬቴ ትመለሳለች። ከተመረዘ ደግሞ… እሱን ማሰብ ጀምሬ አልጨረስኩትም።

ቀኑ ረቡዕ ነው። በኑግ ዘይትና በበርበሬ ከማለዳ ጀምሬ አንተከተክኳት፤ ድንጋይም ቢሆን ይበስል ነበር! እንግዶቹ ዳስ ሥር ተቀመጡ፤ ድስቱን አቀረብኩ። የአገራችንን ወግ አትስቱትም፦ አቅራቢዋ ከወጡ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ እንግዳ እጁን አይሰድም። ዓይን ሁሉ መዳፌ ላይ ሆነ።

«ቅመሺዋ እንጂ!» አለ አለቃው።

«ጾም ነኝ ጓድ፤ ቅዳሴ አልወጣም።»

ሌላ ረቡዕ ጨው ልቅመስ ብዬ ጭልፋ ሙሉ የምውጠው ሴትዮ፣ ያን ቀን ባሕታዊ ሆንኩ!

«እርስዎስ እናት?»

«እኔማ ጾሙም አለ፣ ቁርባኑም አለ» አሉ እትዬ የሺ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ከፍ አድርገው።

አለቃው የቅመም ነጋዴውን ጋሽ ሰይድን ሲያይ ፊቱ ፈካ። «እርስዎ እስላም ነዎት፤ ይህ ጾም አይመለከትዎትም።»

«እኔም ጾም ነኝ።»

«ረመዳን እኮ አይደለም!»

«ባለፈው ረመዳን ታምሜ ያጎደልኩትን ዛሬ እየከፈልኩ ነው።»

አልሸሹም ዞር አሉ! የቀረው አንድ ሰው ነው። ጓድ ታምራት ወጡን አየው… ወጡም አየው። ያ የተቦረቦረ ራስ ከቀዩ መረቅ ብቅ ብሏል።

«እኔም… እኔም ዛሬ ጾም ነኝ።»

አለቃው ወደ እሱ ዞረ።

«ከመቼ ወዲህ?» አለ አለቃው።

«ከሰፊው ሕዝብ ጋር ለመቀራረብ ነው ጓድ።»

ይሄኔ መምሬ ይርጋ ከቅዳሴ ሲመለሱ በአጥሬ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ የማይመጡበት ሰዓት ግን አያውቁም! «ቅዳሴ ወጥቷል ልጆቼ፣ ቅመሱ!» አሉን።

«በሉ እንግዲህ፣ ባለ ዘሩ ይጀምር» አለ አለቃው። እኛም ባንድ አፍ፣ «እሱ ሳይቀምስማ እኛ አንነካም፤ ነውር ነው!» አልን።

«እኔ…» አለ ጓድ ታምራት በላብ ተጠምቆ፣ «እኔ የምጾመው እስከ ማታ ነው።»

መምሬ እንባ አቀረሩ። «እኔ ቄሱ እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነኝ! የክርስትና ስምህን ንገረኝ ልጄ፣ በጸሎቴ ላስብህ።»

«ወልደ ሚካኤል» አለ፣ እንደ ሌባ ድምፁን ቀንሶ።

«ጓድ፣ እርስዎስ?» አልኩት አለቃውን። ሰዓቱን አየ። ወገዳ ከተማ ስብሰባ አለብኝ አለ፤ መንገዱ አስቸጋሪ ነው አለ፤ ደግሞ ጨጓራ አለብኝ አለ። ከዚያ ቆሞ ፈረደ፦ «ሰፊው ሕዝብ ያልቀመሰውን አብዮቱ አያመርትም! መሬቱ ወደ ነጭ ሽንኩርቱ ይመለስ!» ላንድሮቨሩም በአቧራ ውስጥ ጠፋ። እልልታዬን ዋጥኩት።

ወጡስ? ትሉኝ ይሆናል። እንግዳ ሸኝቼ ስመለስ ባለቤቴ ድስቱን በእንጀራ እየጠረገ አገኘሁት!

«አንጓች፣ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ ያጣፈጥሽው? ነገም ሥሪው!»

«ዝም በል አንተ ሰው!» አልኩት አፉን ይዤ፤ «መሬታችንን ልታስወስዳት ነው?»

ጓድ ታምራት ግን በገዛ ቃሉ ተያዘ። ወልደ ሚካኤል መጾሙ ባንድ ቀን አገር ለአገር ተዳረሰ። ገበያ ወጥቶ እንቁላል ሲጠይቅ ሴቶቹ «ኧረ ጓድ፣ እኛማ አናስገድፍዎትም!» እያሉ ቅርጫታቸውን ይከድኑበታል። ሽሮ ብቻ እየበላ እስከ ፋሲካ ዘለቀ። በሰሞነ ሕማማት ነጭ ሽንኩርቴን ስተክል ከስቶ፣ ጠቁሮ ባጥሬ ሥር ሲያልፍ አየሁት።

«ጓድ ታምራት፣ ጾሙ እንዴት ይዞሃል?»

«ይመስገን!» አለኝ። ከዚያ ደንግጦ ግራ ቀኙን ገላመጠና ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «…አብዮቱ ማለቴ ነው!»