ከቁጥር 47 የጀመረው ፋክቱር

ብታምኑም ባታምኑም፣ በደርግ ጊዜ ወኅኒ ለመውረድ አንድ ሐሙስ የቀረኝ ደንበኛ ስላልነበረኝ ነው።

ዛሬ ፌስቡክ ላይ አንዱ ፍሪላንሰሮችን ሲመክር አየሁት። «ኢንቮይሳችሁን ከቁጥር 1 አትጀምሩ፣ ጀማሪ ትመስላላችሁ» ይላል።

የያዝኩት ሻይ ትን አለኝ።

ያኔ አቃቂ ተቀምጬ የጽሕፈት መኪና እጠግን ነበር። ቀጣሪ የለኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እስከ ሳሪስ አቦ ድረስ የየመሥሪያ ቤቱን በር አንኳኳለሁ። ፍሪላንሰር ነበርኩ ማለት ነው፤ ስሙ ገና ስላልደረሰን ሥራ ፈት ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ቃሊቲ ያለ ፋብሪካ የጽሕፈት መኪናውን ሰጠኝ። ጠግኜ ስጨርስ የሒሳብ ሹሙ «በቃል አንሠራም፣ ፋክቱር አምጣ» አለኝ። የዛሬው ኢንቮይስ መሆኑ ነው።

መኪናቸው ገና እጄ ላይ ስለነበር በዚያው ጻፍኩት። ከላይ «በላቸውና ሸሪኮቹ የጽሕፈት መኪና ጥገና» አልኩ። ሸሪክ የለኝም። ግን «በላቸው» ብቻ ሲሆን ራቁቱን የቆመ ሰው መሰለኝ።

ቁጥሩን 47 አደረግሁት። ለምን 47? 50 ውሸት መሰለኛ!

ሹሙ ወረቀቱን አነበበ። ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃን አየው። ከዚያ እኔን አየ። «ነገ ና» አለኝ። በጽሕፈቴ ውበት የተደነቀ መስሎኝ እያፏጨሁ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት አብዮት ጠባቂ ከነጠመንጃው በሬ ላይ ቆሟል።

ቀበሌ ስደርስ ፋክቱሬ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

«አርባ ስድስቱን ለማን በተንክ?»

«የቱን አርባ ስድስት?»

«ይኼ አርባ ሰባተኛው ነዋ። የቀሩት የት ገቡ?»

ያኔ ገባኝ፤ የድብቅ ወረቀት በታኝ አድርገውኛል። የጽሕፈት መኪና የሚነካካ ሰው፣ ቁጥር የተሰጠው ወረቀት፣ ስማቸው ያልተጠቀሰ ሸሪኮች። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሄዶ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በሊቀመንበሩ ቦታ ብሆን ራሴን አስር ነበር።

«ሸሪኮችህን ጥራ።»

«የሉም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው።»

እውነት በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ የድብቅ ድርጅት መሪ እየመሰልኩ ሄድኩ። በረንዳው ላይ የቆመው ጎረቤቴ ፈገግ ሲል ጠረጠርኩት። ፈገግታውን ሲተው ይበልጥ ጠረጠርኩት።

በመጨረሻ ባለቤቴ ተጠራች። ፋክቱሩ ተነበበላት።

«ሸሪክ?» አለች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ ሰውዬ ሸሪክ ቢኖረው እኔ ሽንኩርት ከጎረቤት እበደር ነበር? አርባ ሰባት ደንበኛ ይላል እንዴ ደግሞ? ዘንድሮ በራችንን ያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው።»

አብዮት ጠባቂው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሚስቴ አዳነችኝ። አዋረደችኝም።

ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። «እንዲያ ከሆነ እሑድ ስብሰባው ፊት ቆመህ ግለ ሂስ ታደርጋለህ» አለኝ።

እሑድ ቀበሌው ሁሉ ተሰብስቧል። ያ የፋብሪካው የሒሳብ ሹም፣ ለካ የቀበሌያችን ሰው ኖሯል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማስታወሻ ይይዛል።

«ጓዶች፣ ሸሪክ የለኝም። ደንበኛም የለኝም። አርባ ሰባተኛ ያልኩት አንደኛዬ ነው።»

«ኧረ ጮክ ይበል፣ እኛ ጋ አይሰማም!» አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

ደንበኛ እንደሌለኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ተጨበጨበልኝ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር።

ስብሰባው ሲበተን ሊቀመንበሩ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «የቀበሌው የጽሕፈት መኪና ተበላሽቷል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠግነውና ፋክቱር አምጣ።»

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። 48 ብዬ ብጽፍ በሕዝብ ፊት የተናዘዝኩትን ውሸት መቀጠሌ ነው። 2 ብዬ ብጽፍ ከ47 ወደ 2 እንዴት እንደወረድኩ ሊጠይቁኝ ነው። እናንተ ብትሆኑ ስንት ትጽፉ ነበር?

እኔማ በነፃ ሠራሁላቸው።