ያገለገለ ሰው

ዛሬ ቀትር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። ያገለገለ ሰው የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከጎኔ ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ልሳኑ ቆሟል። በሩ ላይ ያለችው አህያ መንጃ ፈቃዴን አገላብጣ አየችና፣ “ይኼ የሰው ነው፣ እዚህ አይሠራም” ብላ ጋሪ ለሚጎትትላት ሰውዬ ሰጠችው።

እኔና ወንድሜ መካኒኮች ነን። እሱ አሮጌ ቢኤም አለው፣ እኔ ደግሞ አሮጌ መርሴዲስ። የማን ይበልጣል እያልን ሠላሳ ዓመት ተከራክረናል። በሕልሜ ገዢዎቹ እነዚሁ መኪኖቻችን ነበሩ።

መርሴዲሷ ቀስ ብላ ቀረበችኝ።

“ስንት ሄዷል?”

“ስልሳ አራት” አልኩ።

አፌን አስከፈተችኝ። ከዚያ አገጬን ገፋ አድርጋ ዘጋችውና ድምፁን አዳመጠች። “አዘጋጉ ደኅና ነው። እኔ የምፈልገው ሸራ አልብሼ የማስቀምጠው፣ እንግዳ ሲመጣ የማሳየው ነው።”

“ሰው የተፈጠረው ሊነዳ ነው” አለች ቢኤሟ። “እስቲ ኩርባ ላይ ልየው።”

ወዲያው ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ነበርን። ቢኤሟ ወንድሜ ጀርባ ላይ ወጣች። ኩርባውን ሁሉ እየሳቀ ዞረው፤ በጎረምሳነቱም እንዲያ ነበር። ዳገቱ ላይ ግን ትንፋሹ ተቆራረጠ። እኔ መርሴዲሷን አዝዬ ድምፅ ሳላሰማ፣ እንደ ኤሊ እየተጎተትኩ ወጣሁ።

ሁለቱ መብራታቸውን እያጠፉ እያበሩ ተመካከሩ።

“አንዱን እንወስዳለን” አሉ። “ሌላውን ቁራሌው ይውሰደው።”

ቁራሌው ማዳበሪያውን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። እኔ ያን ሳይ ጮህኩ።

“እሱ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል! ሞተሩ ተነክቷል! እኔ ከፋብሪካ እንደወጣሁ ነኝ!”

ውሸቴን ነበር። ወንድሜ ግን አልተቆጣኝም። የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለልኝና፣ “ልክ ነህ መርዕድዬ፣ አንተ ትሻላለህ” አለኝ። ከዚያ ራሱ ማዳበሪያው ውስጥ ገባ። ቁራሌው ትከሻው ላይ ጣለውና “ቁራሌው! ቁራሌው!” እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። “ጋሼ!” ልል አፌን ስከፍት የወጣው ክላክስ ነው።

በራሴው ጩኸት ነቃሁ።

ነርሷ ሁለት ካርድ ይዛ ፊታችን ቆማለች። ወንድሜ ከጎኔ ያበጡ እግሮቹን ዘርግቶ ተቀምጧል።

“አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ” አለች፤ ዓይኗን ከካርዶቹ አላነሳችም። “አንዱ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ቆመብን። ዛሬ ከሁለታችሁ የማስገባው አንድ ሰው ነው። ማን ቀድሞ መጣ?”

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

“እኔ” አልኩ።

አብረን ነበር የመጣነው። ደረጃውንም ደግፎ ያወጣኝ እሱ ነው።