ደብዳቤና ቀን በአንድ ገመድ

ዛሬ እሑድ ሊነጋጋ ሲል በሕልሜ ግድግዳ ላይ ተሰቅዬ ነበር። በኮቴ አንገት፣ በአንድ ምስማር። ከግራና ከቀኜም ሌሎች ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ቀኖች እየመጡ ያገላብጡናል። ማክሰኞ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና ይሄ ሰው ተይዟል ብሎ አለፈ። ረቡዕ ደግሞ ግንባሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ሠራችብኝ። አልተቆጣኋትም፤ ቀኖች የሚፈልጉት ሰው መሆን እንዲያውም ደስ ይላል።

እኔን ያሳሰበኝ እሑድ ነበር። እሑድ በአራት ሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ማኅደርን ሊጠይቁልኝ ወደ አባቷ፣ ወደ ጋሽ ደምሰው ቤት ይሄዳሉ። ይህን በሕልሜም አልረሳሁትም። ማኅደር ሽማግሌ ላክ እያለች ሦስት ዓመት ታግሣኛለች። ጋሽ ደምሰው ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ አርፋጅ አይወዱም። ሽማግሌ የሚለመነው ቤቱ ድረስ ተሂዶ ነው፤ እኔ ግን ሥራ በዛብኝ ብዬ በኢሜይል ለመንኳቸው። ቀጠሮውንም እዚያው ኢሜይሉ ውስጥ ባለው የቀን መቁጠሪያ መዝግቤ፣ የጋሽ ደምሰውን አድራሻና ስልክ ጨምሬ ላክሁት። መሪያቸው የድሮ አለቃዬ ኢንጂነር ፍስሐ ናቸው፤ በጽሑፍ ያልደረሳቸውን ቀጠሮ እንደ ቀጠሮ አይቆጥሩትም።

ከምስማሩ ወርጄ እሑድን ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ትልቅ ፖስታ ቤት ደረስሁ። ደብዳቤዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰዎችን ተራ በተራ ያነባሉ። አንድ ወፍራም ደብዳቤ አንድ ቀጭን ሰውዬን አንብቦ ሲጨርስ፣ ሰላምታው ይበዛል፣ ፍሬ ነገር የለውም ብሎ አጣጥፎ አስቀመጠው። ሰውዬው አመሰገነ። ከዚያ ነው ገመዱን ያየሁት። የእያንዳንዱ ደብዳቤ እግር ከአንድ ቀን እግር ጋር ታስሯል። እሑድም ነጭ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ የታሰረው ከእኔው ደብዳቤ ጋር ነበር።

በሩ ላይ አንድ አጭር ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጳጉሜ ነኝ አለኝ። የቤቱ ባለቤት ያስገባው አሥራ ሁለት ወንበር ብቻ ስለሆነ እሱ ውጭ እንደሚውል ነገረኝ። አሳዘነኝ፤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«እነዚህን አንድ ላይ ምን አሳሰራቸው?» አልሁት።

«ደብዳቤ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቀንህን ነው የሚለምንህ» አለ። «ና ይልሃል፣ ጨርስ ይልሃል፣ እንገናኝ ይልሃል። ለማኙንና የሚለምነውን ነገር በሁለት ቤት ማስቀመጥ ምን ያደርጋል?»

ባለፉት አሥር ዓመታት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሰዓቴን ሳይጠይቅ እንዴት ነህ ብቻ ብሎ ያበቃ አንድም አላስታወስሁም። እኔ የጻፍኋቸውም እንደዚያው ናቸው። በራሴ አፈርሁ።

«ባለቤቱስ ምን ያገኛል?»

«አንተን ያገኛላ። ደብዳቤህን ጥለህ ሌላ ቤት ልትገባ ትችላለህ። ቀኖችህን ጥለህ ግን የት ትሄዳለህ?» ጳጉሜ ወደ ገመዱ አየ። «ብቻ እንዳትነካካው። ቀኑን ከጎተትኸው ደብዳቤው ይሮጣል።»

ቀና ስል ጋሽ ደምሰው በቁምጣና በዩኒፎርም በሩ ላይ ተንበርክከዋል። አርፍደው ነው። እባክዎ ይነሡ ብዬ ለመንኋቸው። ዳይሬክተሩ አንተ ነህ፣ ሳትፈቅድልኝ አልነሣም አሉ። ክንዳቸውን ይዤ ሳነሣቸው ገመዱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፤ እሑድ በአፍጢሙ ተደፋ፤ ደብዳቤዬ እየጮኸ ወደ ከተማው ሮጠ። ልይዘው ስሮጥ ነቃሁ።

አራት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ማኅደር መልእክት ልካለች፤ አባዬ ሱፉን ለብሶ ከሦስት ተኩል ጀምሮ ሳሎን ተቀምጧል፣ ሰዎችህ የት ደረሱ ትላለች።

ቀጠሮውን ከፈትሁት። እኔ በእኛ አቆጣጠር አራት ብዬ የሞላሁትን ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አራት አድርጎታል፤ በእኛ አሥር ሰዓት መሆኑ ነው። ኢንጂነር ፍስሐ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከፈረንጅ ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። አሥር ሰዓት ብለው በትክክል ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰውት፣ ይሄኔ ቤታቸው ጋዜጣ እያነበቡ ነው።

አስተካክዬ እንደገና ልጽፈው ብዬ ቀጠሮውን አጠፋሁት። ወዲያው ለሁሉም ተልኳል የሚል ጽሑፍ መጣ። እኔ የላክሁት ነገር የለም። ያጠፋሁት ቀኑን ነው።

ኢንጂነሩ ጋ ደወልሁ፤ ተይዟል። ደገምሁ፤ ተይዟል። ሦስተኛውን ልሞክር ስል መልእክታቸው ገባ።

«ልጄ፣ ቀጠሮው ተሰርዟል የሚለው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለሁለቱም ሽማግሌዎች ነግሬያቸዋለሁ። ለአቶ ደምሰውም በከንቱ እንዳይጠብቁ አሁን ደውዬ አስረድቻቸዋለሁ። ምክንያትህን አልጠይቅህም። እግዚአብሔር የተሻለችውን ያምጣልህ።»

አንብቤ ሳልጨርስ ማኅደር ደወለች።