በሚኒባስ ውስጥ የማይፈሩት ሰው

ነገሩ የጀመረው እሁድ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ ከጌዶ ሠርግ ወደ አምቦ ስንመለስ ነው። ስቶይክ የሚባሉትን የጥንት ፈላስፎች አንብበው ፍርሃት የተዉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ከጎኔ የተቀመጡት የሥራ ባልደረባዬ ኦቦ ገመቹ እንደዚያ ናቸው። የሚኒባሱ ሾፌር በስልክ እያወራ ኩርባ ላይ ሲደርብ፣ እኔ ወንበሩን ጨምድጄ እጸልያለሁ። እንዳልናገር ሰው ያየኛል። ከሞትና ከተሳፋሪ ዓይን የቱ ይበልጥ እንደሚያስፈራኝ እንጃ!

«ጫልቱ፣ መሪው በእጅሽ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም።»

«ታዲያ በእጅሽ ያልሆነ ነገር ለምን ያስጨንቅሻል?»

ወዲያው የጭነት መኪና ፊት ለፊት መጣብን። ኦቦ ገመቹ «ወይኔ ልጆቼ! ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ። ሾፌሩ ደንግጦ ስልኩን ጣለና መሪውን ጠመዘዘ፤ ለጥቂት ተረፍን።

«መጮህ ይፈቀዳል እንዴ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

ላባቸውን ጠረጉ። «ጩኸቱማ በእጄ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሌላ ሾፌር ስልኩን አነሳ። ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ፣ ስልኩን አስቀምጠው» አልኩት።