አቃቂ ውስጥ ካንሰር የለም

ገመና ስንሸፍንማ ማን ይደርስብናል! የጎረቤት ልጅ ቢሰርቅ «እጁ አመለኛ ነው» እንላለን፤ ሰካራሙን «ጨዋታ ይወዳል»። ካንሰርን ግን እንዲህም አናቆላምጠውም። በባቡሩ ዘመን እኛ ሰፈር «ያ በሽታ» ይባልና ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል። ስሙን ቄስ ይጥራው!

እኔ ያኔ አቃቂ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ፣ የሰፈራችን ዕድር ደግሞ ጸሐፊ ነበርኩ። መዝገባችን «የሞት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለው። ሐዘንተኛው ጠጋ ብሎ «አደራህን፣ ያንን እንዳትጽፍ፤ በዘራቸው አለ ተብሎ ልጆቹን የሚያገባ ይጠፋል» ሲለኝ ምን ላድርግ? «በአጭር ሕመም» እጽፋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ አልጋ ላይ የማቀቀውን ሰውዬ ሳይቀር በአጭር ሕመም ቀብሬዋለሁ። እናንተስ ብትሆኑ?

አንድ ቀን ከመንግሥት የተላከች ነርስ ከባቡር ወርዳ ዕድራችን ቤት መጣች። ካንሰር ሕዝቡን ምን ያህል እንደጎዳ ሊታወቅ ነው፤ ሕመምተኛ ላለበት ሰፈር ሐኪም ይላካል አለች። ክው አልኩ። ባለቤቴ እታገኝ ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ሁለት ወሯ ነው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። «ሐኪም ቤት ስገባ ሰው ቢያየኝስ?» እያለች ከተማ አልሄድ ብላኛለች፤ እኔም ደህና እንቅልፍ ከተኛሁ ሰነበትኩ። ሐኪሙ እዚሁ ከመጣ ግን ከሰው ጋር ተሰልፋ ትመረመራለች፤ ማን ምን ይላል?

ነርሷ መዝገቡን አገላብጣ «እዚህ በካንሰር የሞተ የለም ማለት ነው?» አለች።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ተሰማ ደረታቸውን ነፍተው «ተመስገን ነው የኔ ልጅ! እኛ ዘንድ አይታወቅም» አሉ።

ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሣሁ። «ውሸት ነው!» አልኩና መዝገቡን ነጥቄ ጀመርኩ፤ ይሄ የጉሮሮ፣ ይቺ የማሕፀን፣ እኚህ የጉበት... ጋሽ ተሰማ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ። ነርሷ ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ «በሕይወት ያለስ?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ።

አዎ፣ እኔ! የስንቱን ሟች ጓዳ በርብሬ የራሴን በር ግን ቀረቀርኩት። «እንግዲህ ሐኪም የሚላከው ላሉት ነው» ብላ ደብተሯን ከድና ሄደች።

መቀመጥ አቃተኝ። ባቡሩ ሲያፏጭ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ስደርስ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ነርሷ መስኮቱ ጋ ናት። በሹክሹክታ እንኳ ለመናገር ያፈርኩትን ነገር መላው አቃቂ ቆሞ እየሰማ ለፈፍኩት፦ «አለች! ሚስቴ! ጡቷ ላይ እብጠት አለባት!»

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቷል። እታገኝ ፊቷን አዞረችብኝ፤ አልፈርድባትም። ጥግ ይዤ ስቁነጠነጥ ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው መጡ። አንደኛዋ የጋሽ ተሰማ ባለቤት ናቸው። ለወቀሳ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን እኔን ከነመኖሬም ረስተው እታገኝ አጠገብ ቁጭ አሉና «እኔም እኮ አለብኝ» አሉ። ሌላዋ ማልቀስ ጀመረች።

በማግስቱ ሐኪም ሳይጠብቁ ሦስቱም ወደ ከተማ ተሳፈሩ። እታገኝ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ባቡሩ ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ አለች።

«ለዚያች ነርስ መልእክት ላክላት» አለችኝ። «አንድ አይደለንም፤ ሦስት ነን።»