ለእንቅርት የተላኩ ሽማግሌዎች

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጥርሱን በሚፍቅበት ሰዓት፣ ወይዘሮ የሻረግ ሕልም አየች። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚሉ አሉ። እኔ ሕልሙን ላውራ፤ ፍቺውን ለሚያውቅ እተዋለሁ።

የሻረግ አልቃሽ ናት። በዚያች የጎጃም ከተማ (ስሟን ብጠራው የሚቀየሙኝ ስላሉ አልጠራውም) ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ቄስ ነው፤ ቀጥሎ እሷ። እሷ ሙሾ ካላወረደች ሟቹ የሞተ አይመስልም። ሟቹን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ድምፅዋን ሲሰማ ሸክሙን አውርዶ ያለቅሳል፤ አልቅሶ ሲያበቃም ማን ነው የሞተው ብሎ ይጠይቃል። ታዲያ ይህ ድምፅ በሚወጣበት አንገት ላይ እንቅርት በቀለ። ሎሚ ሲያህል ሰው ሁሉ ያምርብሻል አላት። ብርቱካን ሲያህል ልጇ ጌጡ እጇን ይዞ ወስዶ ሆስፒታል አስተኛት።

እዚያ በተኛችበት ሦስት ቀን ሙሉ የጠየቀችው አንዲት ነገር ብቻ ነው፦ ድምፄስ? የሰፈሯ አንዲት ሴት እንቅርቷን አስወጥታ ስትመለስ ድምፅዋ እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ እያለ ቀርቷል፤ የሻረግ ይህን በጆሮዋ ሰምታለች። ነርሷን ብትጠይቃት፣ ሐኪሙን ጠይቂው አለቻት። ሐኪሙ፣ ዶክተር ምስጋናው የሚሉት፣ እየሮጠ መጣና በእሷ አናት ላይ ከጌጡ ጋር ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ አወራ፤ አንገቷን ገበያ ላይ እንዳለ ሎሚ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ሄደ። ጌጡን ብትጠይቀው፣ ትንሽ ነገር ናት፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተኚ አላት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ያወቀችውን የአንገቱ ባለቤት አታውቅም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼኔ ነው። ትናንት ረፋዱ ላይ ነርሷ ማረጋጊያ ነው ብላ መርፌ ወጋቻት። የሻረግም ምን ታድርግ፣ ተረጋጋች።

በሕልሟ ቤቷ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። በሩ ተንኳኳ። ብትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በነጩ የሐኪም ገዋን ላይ ጋቢ ደርበዋል፤ አንገታቸው ላይ የልብ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። መሪያቸው የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ራሱ ነው። ተቀመጡ ብትላቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። የሻረግ ግራ ገባት። የምትዳር ሴት ልጅ የላትም፤ ያላት ጌጡ ብቻ ነው፤ እሱም ካገባ ዘጠኝ ዓመቱ።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ መሬት እያየ ጀመረ። "እመቤቴ፣ ልጃችን ዶክተር ምስጋናው ለአቅመ ቢላዋ የደረሰ ሐኪም ነው። አንገትዎ ላይ ያለችውን እንቅርት አይቶ ልቡ ከጅሏል። እንዲያወጣት ይፈቅዱለት እንደሆነ ደጅ ልንጠና መጥተናል።"

የሻረግ እንደ ልማዷ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄን ጌጡን ጠይቁት አለች። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ።

"አንገቱ የማን ነው?" አላት አንደኛው።

"የእኔ።"

"ታዲያ ልጅዎ ምን ቤት ነው?"

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሯት የሚያውቅ የለም። ኩራት ኩራት አላት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና እንደ ሴት ልጅ አባት መመርመር ጀመረች። የሐኪሙን ዘር እስከ ሰባት ቤት ጠየቀች። እጁ ይንቀጠቀጣል ወይ አለች። ሲመሽ ምን ምን ይጠጣል አለች። እስከ ዛሬ ስንት አንገት ከፍቶ ስንቱን በደኅና ዘጋ አለች። ሽማግሌዎቹ አንዱንም ሳይደብቁ መለሱ፤ ሁለቱ አልሆኑለትም ብለው የሁለቱንም ታሪክ ነገሯት፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲናገር እንባው መጣ።

ይህን ያህል ካከበሩኝማ ብላ እሺ ልትል ስትል ዳይሬክተሩ አፏን ሊይዝ ምንም አልቀረው። በዚያ አገር ሕግ፣ ሽማግሌ በመጣበት በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ሕመምተኛ ነገሩ አልገባውም ተብሎ ይጠረጠራል፤ ያስቸኮሉትም ሽማግሌዎች ይታሰራሉ።

"እባክዎ እመቤቴ፣ አስቤበት በሳምንቱ እመልሳለሁ ይበሉን። የልጆች አባት ነኝ" አላት።

እንደዚያው አለቻቸው። እምቢ አላሉንም፣ እሺም አላሉንም እያሉ ደስ ብሏቸው ተቃቅፈው ወጡ።

ሳምንቱ እስኪያልፍ ሥጋ ልግዛ ብላ ባጃጅ ተሳፈረች። ጉድጓድ ፊት ሲደርሱ ሾፌሩ ቆመና፣ በቀኝ ልለፈው፣ በግራ ልለፈው ወይስ ልግባበት ብሎ ተሳፋሪዎቹን በየተራ ጠየቀ። ግባበት አሉት። ቀጥሎ ባጃጁን ጠየቀው። ባጃጁ ዝም አለ። ዝምታ እሺ ማለት አይደለም ብለው ሁሉም ወርደው በእግራቸው ሄዱ። መንገድ ላይ አንዲት የወባ ትንኝ ክንዷ ላይ አርፋ፣ ይቅርታ እመቤቴ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ ነበረች አለቻት። የሻረግ ጉዳት አለው ወይ ብትላት፣ ሊኖረው ይችላል፣ ራሴን ከተመረመርኩ ቆይቻለሁ አለች። እንግዲያው ተመርምረሽ ነይ አለቻት። ትንኟም ስላዳመጡኝ አመሰግናለሁ ብላ በረረች።

ልኳንዳ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር። በሬው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ወረቀት ያነባል። ባለ ልኳንዳው ቢላዋውን ከጀርባው ይዞ ላብ ያጠምቀዋል።

"ይህ ነገር ጉዳት አለው?" አለ በሬው።

"ትንሽ አለው፣ ጌታው።"

"ምን ያህል ትንሽ?"

"ከዚያ በኋላ አይነሡም።"

በሬው ገጹን ገለጠና፣ "ሌላ አማራጭስ አለ?" አለ።

"ሽሮ አለ" አለ ባለ ልኳንዳው፤ በዚያ አገር መዋሸት አይቻልም።

"እንግዲያውስ ሽሮ ብሉ" ብሎ በሬው መነጽሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ሰልፈኛው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ብቻ፣ ቢያንስ ስለ ምላሱ ብትነጋገሩ ብሎ አጉረመረመ።

ከልኳንዳው ጀርባ ድንኳን ተተክሏል። ለቅሶ ነው። የሻረግ ለቅሶ አይታ ማለፍ አይሆንላትምና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። የሞተው የወፍጮ ቤቱ አቶ ደመላሽ ነው። ደረቷን ይዛ ገና የመጀመሪያውን ቃል ስታወጣ ሟቹ ከሬሳ ሣጥኑ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

"ቆይ እስቲ፣ ማን ፈቀደልሽ?" አላት።

ለቀስተኛው በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። የሻረግ አፈረች፤ እውነቴን ነው፣ በሕልሟ ላብ አጠመቃት። ሠላሳ ዓመት ስታለቅስ፣ ስንቱን ደግ፣ ስንቱን ጀግና ስትል፣ አንድም ሟች ጠይቃ አታውቅም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ምን ብዬ ላልቅስልዎ አለችው። አቶ ደመላሽ አሰበ። ደግ ነበር አትበዪ፣ ሚዛኔን የሚያውቅ ይስቃል አለ። ጀግና ነበርም አትበዪ፣ ሚስቴ እዚህ አለች አለ። ሳቂታ ነበር በዪ፣ እሷ እንኳ እውነት ናት አለ። የሻረግም ድምፅዋን ለቀቀችው፦

ስትስቅ ወፍጮ ቤት ነጭ ለብሰህ ኖረህ፣
ዛሬም ነጭ ገነዙህ ሳያማክሩህ።

አቶ ደመላሽ ራሱን ነቀነቀ። ይህችን ፈቅጃለሁ አለና ተመልሶ ተጋደመ፤ ከፈኑንም በገዛ እጁ ፊቱ ላይ ሳበ። ድንኳኑ በእንባ ተሞላ። የሻረግ እንደዚያን ቀን አልቅሳ አታውቅም፤ ድምፅዋ ከአንገቷ እንደ ምንጭ ወጣ። ይህ ነው እንግዲህ የሚቆረጠው ብላ በልቧ አሰበች።

ሳምንቱ አለፈ። ሆስፒታል ስትደርስ በኮሪደሩ የተሰለፉት ሐኪሞች ናቸው። ከጀርባው ክፍት የሆነውን ያንን አረንጓዴ የሕመምተኛ ልብስ ለብሰው ከኋላቸው በእጃቸው ጨብጠው ይዘዋል። ሕመምተኞቹ ጠረጴዛ ይዘው ሻይ ይጠጣሉ፤ ሻይ ላይ ነን፣ ከሰዓት ተመለሱ ይሏቸዋል። ለየሻረግ ትልቁን ወንበር አመጡላት። ዶክተር ምስጋናው ገባ፤ እናቱ ፔርሙዝና ብርድ ልብስ ይዛ ከኋላው ተከተለችው።

"ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለችው የሻረግ።

ረቡዕ አለ ሐኪሙ። እናቱ በጆሮው ሐሙስ ነው አለችው።

"እናቱ፣ እርስዎን አልጠየቅሁም" አለች የሻረግ። "ልጅዎ አፍ አለው።"

ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ቀን እንቅልፍ እንዳላየ ተናዘዘ። ቢላዋ የሚይዝ ሰው አእምሮው በቦታው መሆን አለበት ብላ ሄደህ ተኛ አለችው። እዚያው ወለሉ ላይ ተኛ፤ አንዴ አንኮራፍቶ ተነሣ፤ ፊቱ ጥርት ብሏል። በርጩማ ስቦ ከእሷ ዝቅ ብሎ ተቀመጠና ዓይኗን አያት። የሻረግ ያቺን ጥያቄ አወጣች። ድምፄስ?

"እማማ፣ እንቅርቱ ሥር ድምፅዎን የምታንቀሳቅስ ቀጭን ነርቭ አለች" አላት። "እጠነቀቅላታለሁ። አብዛኛው ሰው በደኅና ይወጣል። የአንዳንዱ ድምፅ ግን ይሻክራል፤ ከእነዚያም ጥቂቱ እንደሻከረ ይቀራል።"

"ባላስወጣውስ?"

"አድጎ ትንፋሽዎን ሊጫነው ይችላል። ዛሬ ግን አልተጫነውም። እየተከታተልን መቆየትም አንድ መንገድ ነው። እርስዎ ይምረጡ።"

የሻረግ አለቀሰች። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሲያለቅስ የኖረ ዓይን ለራሷ አለቀሰ፤ ያውም ከደስታ ነው። የነገራት ነገር ደስ የሚል ሆኖ አይደለም። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው ዓይኗን እያየ ሲያናግራት ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ነው፤ እሱም በሕልም።

ሽማግሌዎቹ ከሐኪሙ በስተኋላ ቆመው ይጠብቃሉ። ማንም አላጣደፋት። ዳይሬክተሩ ምርኩዙን ተደግፎ፣ እሺ ካሉን እናመሰግናለን አላት። እምቢ ካሉንም ያው እናክምዎታለን፤ እሺ ብለው በር ላይ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ደግሞ ሻይ አጠጥተን ቤትዎ እንመልስዎታለን፤ ማንም ፊቱን አያጠቁርብዎትም አላት። የሻረግ መልሷን ልትሰጥ አፏን ከፈተች። እሺ ልትል ነበር። እንዲያ ከለመኗት፣ እንዲያ ከነገሯት በኋላ ማን እምቢ ይላል?

ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። ጣሪያው መሮጥ ጀመረ፤ አምፖል፣ አምፖል፣ እንደገና አምፖል። የሻረግ ነቃች።

በጀርባዋ ተንጋልላ ስትሬቸር ላይ ናት፤ አንድ ጎረምሳ ከኋላ ይገፋታል። ያ ከጀርባው ክፍት የሆነ ልብስ እሷው ላይ ነው፤ ብርዱ ገባት። ጌጡ ቀኝ እጇን ይዞ ከጎኗ እየሮጠ አውራ ጣቷን በሶፍት ያሻል። አውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ በቀለም ሐምራዊ ሆኗል።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለችው።

"ፈረምሽ እኮ እማዬ። አለቀ፤ አታስቢ።"

"መቼ ነው የፈረምሁት?"

"ቅድም ነዋ። እንቅልፍሽን እንዳንረብሽሽ ብለን ቀስ አድርገን ነው ያስፈረምንሽ።"

የሻረግ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ስሟን ስትጽፍ ፊደሉ ያምራል። ለዚህ ግን አሁን ጊዜ አልነበረም። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ከፊቷ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ውስጥ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ቆመዋል። የሻረግ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰበች፤ ያንን መንገደኛ የሚያስለቅስ ድምፅዋን አወጣችና እምቢ አለች። ከወዲያኛው ክፍል አስታማሚዎች ብቅ ብቅ አሉ። አንዲት ነርስ የያዘችውን ሳህን ጣለች።

ገፊው ስትሬቸሩን ቀጥ አድርጎ አቆመው። ሰምቷታል፤ ያልሰማት የለም። ላቡን በክንዱ ጠረገና ቀና ብሎ ጌጡን አየው።

"እንዴት ነው ጋሼ፣ ልቀጥል?" አለው።